የነርቭ ሴል ቅርንጫፉን እንዴት ያወጣል?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሐሳብ ስንከራከር እናመሻለን፤ ሐሳብ የሚመላለስበት መንገድ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደ ተዘረጋ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

የነርቭ ሴል መልእክት የሚቀበሉ ብዙ ቅርንጫፎችና መልእክት የሚያደርስ አንድ ረዥም ክር አለው። በጽንስ ጊዜ ሴሉ ሲፈጠር ግን ይህ ሁሉ የለም። ታዲያ ከየት መጣ?

እስፓኛዊው ሊቅ ሳንትያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1890 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የጫጩት ጽንስ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ የክሩ ጫፍ ሰፋ ብሎ ጣት መሰል ነገር መዘርጋቱን አየ፤ ክሩም በዚህ ጫፍ እየተመራ ያድጋል አለ። ዳሩ ግን የመረመረው የሞተ አካል ስለ ነበረ ክርክሩ አላበቃም። በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ከእንቍራሪት ጽንስ ቍራጭ ወስዶ በጠብታ ውስጥ በሕይወት አቈየና ክሩ ሲያድግ በዓይኑ ተመለከተ።

ይህ ጫፍ መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ በአካባቢው ካሉት ኬሚካሎች አንዳንዱ ይስበዋል፣ አንዳንዱም ይገፋዋል። ተቀባዮቹም ቅርንጫፎች ከሚያስፈልገው በላይ ይበቅላሉ፤ ከሌላ ሴል ጋር የተገናኘውና ሥራ ያገኘው ይጸናል፣ ያላገኘው ተመልሶ ይሰበሰባል። እንግዲህ የአንጎል አሠራር እንደ ቤት ፕላን አስቀድሞ ተነድፎ ያለቀ አይደለም፤ ሥራም ይቀርጸዋል ማለት ነው።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በ1963 ቶርስተን ቪሰልና ዴቪድ ሂዩበል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ዘግተው ከፈቱት። ዓይኑ ራሱ ደኅና ሳለ፣ በአንጎል ውስጥ ለእርሱ የሚመልሱ ሴሎች እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። የተዘጋው ዓይን መልእክት የሚያደርሱ ክሮች ቅርንጫፋቸው ሲሳሳ፣ ክፍት የነበረው ዓይን ክሮች ቦታውን ይዘውት ነበርና። በአዋቂ ድመት ላይ ግን ይህ አልደረሰም። ቅርንጫፍ የሚቀረጽበት ዘመን አለው፤ ሲያልፍም እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ነገሩ ለሰውም ይሠራል። የዓይን ሞራ ይዞት የተወለደ ሕፃን ቶሎ ካልታከመ፣ ሞራው ከዓመታት በኋላ ቢገፈፍለት እንኳ አጥርቶ ላያይ ይችላል፤ ዓይኑ ቢከፈት አንጎሉ አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ የዓይኑ ብሌን ነጣ ያለ ሕፃን ብናይ፣ «ጠንከር ሲል ይታከማል» ለሚሉት ወላጆች ምክንያቱን አስረድተን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት መምከር ይገባናል።