ሃርሊ፦ ፍቅር ከባለቤቱ ጋር ሲያረጅ

ለመሆኑ ሰው የሞተር ሳይክል ስም ክንዱ ላይ ይነቀሳል? የሃርሊ ዴቪድሰን ወዳጆች ይነቀሳሉ! በአሜሪካ ሚልዋኪ እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተው ኩባንያ በ1983 የባለሞተሮች ማኅበር አቋቁሞ ፍቅሩን አጠናክሯል። እኔም «ታማኝ ደንበኛ ያለው አይከስርም» ባይ ነበርኩ። ነገሩን ሳየው ግን ሌላ ነው። በ2006 ወደ 349 ሺህ ሞተር ለአከፋፋዮች የላከው ኩባንያ በ2023 የላከው ከ200 ሺህ በታች ነው።

ምክንያቱስ? ብዙዎቹ ገዢዎች በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። እነሱ መንዳት ሲያቆሙ ሞተራቸው ገበያ ይወጣል፤ ወጣቱም አዲሱን በውድ ከሚገዛ ያገለገለውን በርካሽ ይወስዳል። በመሃል የሚጎዳው አከፋፋዩ ነው፦ ሞተሩን በብድር ያነሣል፣ ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር ወለዱ ይቆጥርበታል።

እንግዲህ ታማኝነት ተተኪ ካልተገኘለት አብሮ ያረጃል። እኛስ? አባቱ ያነብ የነበረውን ጋዜጣ ዛሬ የሚገዛ ወጣት ስንት እናውቃለን?