«አፍ» ስንት አፍ አለው?

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደጋው ድንገት ያልቅና ሸለቆው ይከፈታል። ያ ጠርዝ «አፋፍ» ይባላል፤ ቃሉ የ«አፍ» ዘመድ ይመስላል። እንስራ አፍ አለው፤ ጎተራም፣ ዋሻም፣ ጠመንጃም (አፈሙዝ)። ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን፤ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የመጣውም ከዚሁ ነው። «አፈ ቅቤ» ሲባል ግን ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ተከታዩ «ልበ ጩቤ» ነው።

ቃሉ የግእዝ ነው። «አፈ» ሲሆን «የእገሌ አፍ» ማለት ነውና፣ አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ዋና ዳኛ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው። ዛሬ ምክር ቤቱን የሚመራው «አፈ ጉባኤ» ይባላል።

የፊደል ስሞችንም ልብ በሉ፦ በግእዝ የ«ፈ» ስም «አፍ»፣ የ«ረ» «ርእስ»፣ የ«ዐ» ደግሞ «ዐይን» ነው። በዕብራይስጥም የዚሁ የ«ፈ» አቻ የሆነው ፊደል «ፔ» ይባላል፤ ትርጉሙ ያው አፍ ነው።