በሳሳ አየር ውስጥ ችግኝ ማሳደግ፦ ስለ ቤት ውስጥ የችግኝ ቁምሳጥን ሙቀትና አየር

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ ግልባጭ



የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የምነግራችሁ ስለ አንድ ቁምሳጥን ነው። መኖሪያዬ ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ነው። ጓሮ በሌለው ፎቅ ቤት ውስጥ አሮጌ ቁምሳጥን አጽድተው፣ መብራት ሰቅለው፣ የቲማቲም፣ የቃሪያና የሰላጣ ችግኝ የሚያፈሉ ጎረቤቶች አሉኝ። አንዳንዶቹ ለራሳቸው ሰሃን፣ አንዳንዶቹ ለገበያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ከእነርሱ አንዱ ሆንሁ፤ ከመቶ በላይ የቲማቲም ችግኝም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገደልሁ።

ያደረግሁት ሁሉ በመመሪያው መሠረት ነበር። መመሪያው ከውጭ የመጣ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ለባለ 200 ዋት መብራት በሰዓት 120 ሜትር ኩብ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ግዛ አለኝ፤ ገዛሁ። የቁምሳጥኑ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት በ5 ዲግሪ ብቻ እንደሚበልጥ ቃል ገባልኝ። በዚያ ቅዳሜ ግን ቴርሞሜትሩ 37 ዲግሪ ላይ ቆሞ ነበር። መመሪያው አልዋሸም፤ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነዋሪ ነው እንጂ ለአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። የቀረው ጥፋት የእኔው ነው። ሁለቱን ለያይቼ ላስረዳ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

«ኤልኢዲ መብራት አይሞቅም» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። እውነቱ፣ ከአሮጌው አምፖል ይልቅ በእያንዳንዱ ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያ ብርሃን በቅጠሉ፣ በአፈሩና በግድግዳው ይዋጣል፤ የተዋጠ ብርሃን ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው። ተክሉ ምግብ አድርጎ የሚያከማቸው ከጥቂት መቶኛ አይበልጥም። ስለዚህ በዝግ ቁምሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ባለ 200 ዋት መብራት፣ ለሒሳባችን ባለ 200 ዋት ምድጃ ነው።

ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ውሃ ይወስደዋል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያደጉና ቅጠላቸው የሰፋ ተክሎች በዚህ መንገድ ቁምሳጥኑን ያቀዘቅዛሉ። ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጡ ችግኞች ግን ይህን ለማድረግ አቅም የላቸውም፤ ሙቀቱን ማውጣት ሙሉ በሙሉ የማራገቢያው ሥራ ይሆናል።

በ3 ወይስ በ4?

ሩዋንዳ ሰፈር የሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በዚሁ ምክንያት በየቤታችን ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላውም ሳይበስል ይቆያል።

የ20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠረፍ 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እዚህ 0.91 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ይዘት ሳይሆን ክብደቱ ነው። ማራገቢያው በአዲስ አበባም ያንኑ 120 ሜትር ኩብ ይገፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚያወጣው ሙቀት በአንድ አራተኛ ቀንሷል። ባዶ ወንበር ይዞ እንደሚመላለስ አውቶቡስ ነው፤ ጉዞው ያው፣ ተሳፋሪው ግን ያነሰ ነው።

ሒሳቡን በቃላችሁ እንድትይዙት አሳጥሬዋለሁ። የመብራቱን ዋት በ4 አባዙ፤ ውጤቱን ከክፍሉ ሙቀት በላይ በምትፈቅዱት የዲግሪ ጭማሪ አካፍሉ። የምታገኙት በሰዓት የሚያስፈልገው ሜትር ኩብ አየር ነው። ለ200 ዋትና ለ5 ዲግሪ፦ 200 ሲባዛ በ4፣ 800፤ ሲካፈል ለ5፣ 160። በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው በ4 ፈንታ በ3 ያባዛል፤ እርሱ 120 ይበቃዋል። የመመሪያው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። በድሬዳዋ ከፍታ ማባዣው 3.5 ገደማ፣ በባሕር ዳር 3.7፣ በደብረ ብርሃን 4.2 ይሆናል። የማራገቢያው አቅም በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ ከተጻፈ፣ ቁጥሩን በ1.7 አባዝታችሁ ወደ ሜትር ኩብ በሰዓት ለውጡት።

አንድ ሌላ እውነት እዚህ ላይ መነገር አለበት። ማራገቢያ ቁምሳጥኑን ከሚስበው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። የድሬዳዋ ክፍል 32 ዲግሪ ከሆነ፣ የቱንም ያህል አየር ብንገፋ 26 ዲግሪ አናገኝም። የአዲስ አበባ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታው ከአየሩ ክብደት የነሣንን፣ በአየሩ ቅዝቃዜ ይክሰናል። የእኛ ሥራ ኪሳራውን በትልቅ ማራገቢያ መሙላትና በስጦታው መጠቀም ነው።

የአየሩ መንገድ

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመለሳለሁ። የአየሩ መሳሳት ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ ቃል የተገባልኝ የ5 ዲግሪ ጭማሪ ወደ 6.6 ከፍ ይል ነበር፤ ችግኞቹም ባልሞቱ። እኔ ግን በማውጫው ላይ ረጅም ተጣጣፊ ቱቦ ቀጥዬ ሁለት ቦታ አጠፍሁት፤ በመግቢያው ላይም የነፍሳት መከላከያ ብዬ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ወጠርሁ። የአየሩ ፍሰት ወደ ግማሽ ወረደ፤ ጭማሪውም 13 ዲግሪ ሆነ። በዚህ ላይ የቱቦውን ጫፍ እዚያው በተዘጋው ክፍል ውስጥ ተውሁት። ክፍሉ ራሱ ከ20 ወደ 24 ዲግሪ ሞቀ። 24 ሲደመር 13፣ 37 ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአየር መግቢያው ከታች፣ ማውጫው ከላይ ይሁን። የመግቢያው ስፋት ከማውጫው ይብለጥ፤ መረብ ካለው ደግሞ እጥፍ ይሁን። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ጫፉም በመስኮት ወደ ውጭ ይውጣ። መፈተሻ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሰንደል ለኩሱና በመግቢያው አፍ አጠገብ ያዙት። ጭሱ ሳያመነታ ወደ ውስጥ ከተሳበ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከተንሳፈፈ አንድ ቦታ ታንቋል። ቴርሞሜትሩን በቅጠሎቹ ቁመት ልክ ስቀሉት፤ መብራቱ በቀጥታ እንዳይመታው ግን በትንሽ ካርቶን ጋርዱት። አለበለዚያ የምታነቡት የአየሩን ሳይሆን የቴርሞሜትሩን ሙቀት ነው።

ሌሊት

ብዙዎች መብራቱ ሲጠፋ ማራገቢያውንም ያጠፋሉ፤ ይህ ሁለተኛው አደጋ ነው። ቀን 24 ዲግሪ የነበረና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት የያዘ አየር ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ እንፋሎቱን መሸከም ያቅተዋል፤ በግድግዳውና በቅጠሉ ላይ ጠል ይሆናል። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል የከተማችን የንጋት ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያልሞቀ ክፍልም ከዚያ ቅዝቃዜ ድርሻውን ያገኛል። እርጥብ ቅጠልና የቆመ አየር ሲገናኙ ሻጋታና የችግኝ አንገት መበስበስ ይከተላል። ስለዚህ ማራገቢያው ሌሊትም በዝቅተኛ ፍጥነት ይሥራ።

ከዚህ የተሻለ ዘዴም አለ፤ ሌሊቱን ቀን ማድረግ። ችግኞቹ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ቢያገኙ ይበቃቸዋል፤ የትኞቹ 16 ሰዓታት እንደሆኑ ግን አይጠይቁም። መብራቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እንዲበራ ታይመሩን ሙሉ። መብራቱ በብርዱ ሰዓት ያሞቃል፤ የከሰዓቱ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ጠፍቶ ያርፋል።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ

ኃይል ሲቋረጥ መብራቱም ማራገቢያውም አብረው ስለሚቆሙ፣ ለጥቂት ሰዓታት የቁምሳጥኑን በር መክፈት ይበቃል። የሚያስፈራው መብራቱ እየበራ ማራገቢያው ብቻውን ሲቆም ነው። ስለዚህ መብራቱን በቴርሞስታት በኩል አገናኙት፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ይቁረጥ። ችግኝ አንድ ቀን ቢጨልምበት ይተርፋል፤ አንድ ከሰዓት ቢቃጠል ግን አይመለስም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዕቃ ስንገዛ አብሮት የሚመጣው ቁጥር የተጻፈበት አገር ቁጥር ነው። እኛ የምንኖረው በደጋ ነው። ችግኝ አፍልቶ ቤቱን ለመደጎም ያሰበ ወጣት ያጠራቀመውን ገንዘብ በ3ና በ4 መካከል ባለው ልዩነት ሊያጣው አይገባም። መመሪያውን አንጣለው፤ ለቦታችን እናስተካክለው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል

ጥያቄ (ችግኝ አፍልተው ከሚሸጡ አንዲት እናት)፦ ዶክተር፣ ቤቴ ሌሊት ይበርዳል። ቁምሳጥኑን ማድ ቤት፣ ከምጣዱ አጠገብ ባደርገው አይሻልም ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የመብራትዎን 15 እጥፍ ማለት ነው። እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት ማራገቢያው ያንኑ ሙቀትና እንፋሎት ወደ ችግኞቹ ይስበዋል። ሌሊት ብርድ ሲመጣ ደግሞ ምጣዱ በርዷል። ቁምሳጥኑን በቤትዎ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከመስኮት አጠገብ ያድርጉትና መብራቱን ሌሊት ያብሩት። ከምጣዱ ይልቅ እርሱ በሰዓቱ ያሞቅልዎታል።