ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር

የሯጭ ዝና ብዙውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። ያስመዘገበው ሰዓት በሌላ ይሻሻላል፤ ሜዳውን ከለቀቀም በኋላ ስሙ ከውድድር መዝገብ በቀር እምብዛም አይነሣም። የምሩጽ ይፍጠር ስም ግን ሩጫ ካቆመ ከብዙ ዘመን በኋላም ከሰው አፍ አልጠፋም። ይህ የሆነው በሜዳሊያው ብዛት አይደለም፤ ከእርሱ የበለጠ ሜዳሊያ ያገኙ ኢትዮጵያውያን ሯጮች አሉ። ሕዝቡ ያልረሳው አሯሯጡን ነው።

«ማርሽ» ከኢጣልያንኛ የተወሰደ የሾፌሮች ቃል ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ መኪናውም በሌላ ጉልበት ይጓዛል። ምሩጽም ከቀዳሚዎቹ ኋላ ሆኖ በእርጋታ ሲሮጥ ይቆይና 300 ሜትር ያህል ሲቀረው በድንገት ይፈተለካል። በዚያች ቅጽበት ተቀናቃኙ የሚሰጠው መልስ አይኖረውም። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ስልት ጥንቃቄ ያለበት ቆጠራ ይጠይቃል። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ በደርሃም ከተማ በተደረገ የ5,000 ሜትር ውድድር፣ ምሩጽ ዙሩን በመሳሳቱ አንድ ዙር ሲቀረው ተፈትልኮ የጨረሰ መስሎት ቆመ፤ ድሉም ለአሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ሆነ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ5,000 ሜትር ግን በሰዓቱ ከመነሻው ባለመድረሱ ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች። ምክንያቱም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይድ አገዛዝ ወደ ሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነበር። አራት ዓመት መጠበቅ ለማንም ሯጭ ቀላል አይደለም፤ ይልቁንም ፀጉሩ እየሳሳ ለሄደ ሯጭ።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ10,000 ሜትር ውድድር ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረጉ ተቀናቃኞቻቸውን አደከሙ። ከእነዚህም አንዱ በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በሁለቱም ርቀቶች ያሸነፈው የፊንላንዱ ላሲ ቪረን ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ ማርሹ ተቀየረ፤ ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ከአምስት ቀን በኋላ በ5,000 ሜትርም የታንዛኒያውን ሱሌይማን ኒያምቡዪን ቀድሞ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። ዕድሜውን አጥብቀው ለጠየቁት ጋዜጠኞች፣ ዶሮውንና በጉን ሰው ሊሰርቀው እንደሚችል፣ ዕድሜውን ግን ማንም እንደማይሰርቀው መልሶላቸዋል።

የድሉ ወሬ ወደ ገጠሩ የደረሰው በሬዲዮ ነበር። በአርሲ በአሰላ አጠገብ የሚኖረው የ7 ዓመት ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያንን ሰምቶ ሯጭ ለመሆን ተመኘ፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

ምሩጽ በኋለኛው ዘመኑ በካናዳ ይኖር ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ሲያርፍ አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የሞስኮውን ሩጫ ፊልም ዛሬ በኢንተርኔት ከሚመለከቱት መካከል በዚያን ጊዜ ያልተወለዱ ወጣቶችም አሉ። ከሩጫ ሜዳ ውጭ እንኳ፣ ፈተና ሲቃረብ ድንገት የበረታ ተማሪ «ማርሽ ቀየረ» ይባላል።