ያውቁ ኖሯል? የገጠር ቀበሌ አመጣጥ
በኢትዮጵያ የገጠር ወረዳ፣ ማለትም የራሱ ምክር ቤትና በጀት ያለው የአስተዳደር እርከን፣ በቀበሌዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ቀበሌም በብዙ አካባቢ ጎጥ የሚባሉ አነስተኛ መንደሮችን ያቅፋል። የገጠር ቀበሌ መነሻው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ አዋጁ ገበሬዎች ቢያንስ 800 ሄክታር፣ በቀድሞው ልኬት 20 ጋሻ፣ ስፋት ባለው አካባቢ ኋላ ለቀበሌ መሠረት የሆነውን የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ደንግጎ፣ ማኅበሩ መሬት እንዲያከፋፍልና በፍርድ ሸንጎው አማካይነት የመሬት ክርክር እንዲዳኝ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከተመዘገበው 73.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውስጥ 84 በመቶ ገደማው የገጠር ነዋሪ ስለነበር፣ የአገሪቱ አስተዳደር ጥንካሬ ሊመዘን የሚገባው ከሁሉ አስቀድሞ በገጠር ቀበሌ ነው።