ይህ ፕሮግራም ከየትኛው እትም ጀምሮ ይሠራል?

አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ ሰው የወየበ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይህ ደብዳቤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጻፈ ነው» ቢላችሁ፥ እናንተም ስታነቡት በመካከሉ «ቴሌቪዥን» የሚል ቃል ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያረጅ፥ ማኅተሙም ምንም ያህል ቢያምር፥ ያች አንዲት ቃል ነገሩን ትጨርሰዋለች። አንድ ጽሑፍ በውስጡ ካሉት ቃላት ከሁሉ ታናሹን በዕድሜ ሊቀድም አይችልምና።

የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ዕድሜው የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በተማሪዎቼ ፊት በማፈር ስለ ሆነ፥ ታሪኩን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ካለቀ በኋላ፥ የክፍሌን ሮስተር በእጅ ከመደመር ልገላገል ብዬ፥ ድምሩንና አማካዩን አውጥቶ ደረጃ የሚሰጥ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጻፍሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ቤቴ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ሠራ። በማግሥቱ በፍላሽ ይዤው ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ሄድሁ፤ ነገሩን ለማየት የመጡ ሰባት ስምንት ተማሪዎችም ከኋላዬ ቆመው ነበር። ፕሮግራሙን ሳስነሣው አንዲት መስመር እንኳ ሳይሠራ «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ ቆመ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፥ የሚሠራውን ቤት ረስተውት መጡ እንዴ?» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አልነበረም። በክፍሉ ያሉት ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ናቸው፤ ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የመጨረሻው የፓይተን እትም፥ በተለምዶ ቨርዥን የምንለው፥ 3.8 ነው። እኔ የጻፍሁት ግን 3.8 ከቶ ሰምቶት በማያውቀው አነጋገር ነበር።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ሲሆን፥ ለሕዝብ የወጣው በ1991 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ሰው ቋንቋ ሁሉ ይህም ቋንቋ አዳዲስ ቃልና አዳዲስ ሰዋስው ይጨምራል፤ ልዩነቱ ግን የእያንዳንዱ ጭማሪ ልደት መመዝገቡ ነው። ከትእምርተ ጥቅሱ በፊት «ኤፍ» የሚባለውን ፊደል አስቀምጦ በዐረፍተ ነገር መካከል የሒሳብ ውጤት ማስገባት የተጀመረው በ3.6፥ በ2016 መጨረሻ ነው። «:=» የሚለው ምልክት በ3.8፥ በ2019 ገባ። በዚህች ምልክት ላይ የተነሣው ክርክር እጅግ ስለ ከረረ ጊዶ ራሱ በ2018 የቋንቋውን መሪነት ተወ፤ በሁለት ነጥብና በእኩል ምልክት ምክንያት መሪነቱን የለቀቀ ሌላ ሰው እኔ አላውቅም። ሁለት ዲክሽነሪዎችን በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ማዋሐድ በ3.9፥ በ2020 መጣ፤ «ማች» የሚባለው የመምረጫ ትእዛዝ ደግሞ በ3.10፥ በ2021። እኔን ያሳፈረኝ ይኸው «ማች» ነው።

የሒሳብ ተማሪዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ 3.10 ከ3.9 ይበልጣል። ነጥቧ የዐሥርዮሽ ነጥብ አይደለችም፤ ከነጥቧ በኋላ ያለው ራሱን የቻለ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ዘዴው ይህ ነው። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ታነባላችሁ፤ በእያንዳንዱ አጻጻፍ፥ በምትጠሩት በእያንዳንዱ ሞጁልና ፈንክሽን አጠገብ የተወለደበትን እትም ትጽፋላችሁ። የፓይተን መመሪያ «በዚህ እትም የተጨመረ» እያለ ያስታውቃል፤ ኢንተርኔት በሌለበት እንዲነበብም አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ከቁጥሮቹ ሁሉ ትልቁን ትወስዳላችሁ። አማካዩን አይደለም፤ መቶ መስመር በ3.0 የሚሠራ ሆኖ አንዲት መስመር 3.10 ብትጠይቅ፥ ፕሮግራሙ በሙሉ የ3.10 ነው።

እኔም «ማች»ን አውጥቼ በቀድሞው «ኢፍ» ጻፍሁት። ሠራ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ፤ ሮስተሩም ይወጣ ጀመር። እስከ አርባኛው ተማሪ በሰላም ሄዶ አርባ አንደኛዋ ላይ ተገተረ።

አርባ አንደኛዋ ተማሪ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች ስለ ሆነች፥ በመለያ ቁጥሯ ፊት የተጨመረ ፊደል ነበረ። ያንን ፊደል ለመቁረጥ የተጠቀምሁበት «ሪሙቭፕሪፊክስ» የሚባለው ትእዛዝ በ3.9 የተወለደ ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልተያዘም? ፓይተን አንድን ፋይል ከማስኬዱ በፊት ሰዋስውን በሙሉ ያነባል፤ የማያውቀው ሰዋስው ካለም ከመነሻው ይጮኻል። የትእዛዝን ስም ግን እስኪደርስበት ድረስ አይመረምረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ጉድለት በሩ ላይ ይያዛል፤ ሁለተኛው ግን ውስጥ ገብቶ፥ ተዛውሮ የመጣ ተማሪ እስኪገኝ ድረስ አድብቶ ይቀመጣል። በየመሥሪያ ቤታችሁ ለደመወዝ ወይም ለንብረት ክፍል ሒሳብ ፕሮግራም የምትጽፉ ይህን አስቡ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ መስመር የሚወድቀው ልክ በበጀት መዝጊያው ቀን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ከሁሉ ይከፋል፤ አይጮኽም፥ አይቆምምም። በፓይተን 2፥ 85ንና 90ን ደምራችሁ ለ2 ብታካፍሉ መልሱ 87 ነው፤ በፓይተን 3 ግን 87.5። አጻጻፉ አንድ ነው፥ ውጤቱ ግን ሁለት። የፓይተን 2 ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ ቢቋረጥም፥ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የቀረ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ለደረጃ የሚወዳደር ተማሪም ግማሽ ነጥብ ምን እንደ ሆነች ያውቃል። እንዲሁም ዲክሽነሪ ስሞችን ባስገባንበት ቅደም ተከተል እንደሚጠብቅ ቋንቋው ዋስትና የሰጠው ከ3.7፥ ከ2018 ጀምሮ ነው። በ3.5 ስሞቹን አንደኛ፥ ሁለተኛ እያላችሁ ብታስገቡ፥ ሲወጡ ተዘበራርቀው ሊወጡ ይችላሉ። ይህን የሚጠቁም አንድም አዲስ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አታገኙም።

ሁሉን በዓይን መፈለግ ስለሚያሰለች፥ ይህንኑ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከነዚህ አንዱ «ቨርሚን» ይባላል፤ በነጻ ይገኛል። ጽሑፉን ሳያስኬድ፥ እንደ ሰዋስው መምህር ወደ ክፍሎቹ ከፋፍሎ፥ እያንዳንዱን ከልደት መዝገቡ ጋር አስተያይቶ ቢያንስ የትኛው እትም እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። ነገር ግን እርሱም ይሳሳታል። ትእዛዙ የተሰጠው ለምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ከጽሑፉ ካልታወቀ፥ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጸሐፊው «አዲሱ ሞጁል ከሌለ በአሮጌው ተጠቀም» ብሎ አስቀድሞ አስቦበት ከሆነም፥ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ያለ እትም ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ምስክር አሮጌው ኮምፒዩተር ራሱ ነው። እኔ አሁን በመሞከሪያ ዝርዝሬ ውስጥ ተዛውሮ የመጣ ተማሪ፥ ከፈተና የቀረ ተማሪ፥ እኩል ነጥብ ያመጡ ሁለት ተማሪዎች ሳላስገባ ፕሮግራም ከቤት ይዤ አልወጣም።

«አዲሱን እትም ጭኖ መገላገል አይሻልም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኮምፒዩተሩ የራሳችሁ ከሆነ በርግጥ ይሻላል። ነገር ግን አዲሱ እትም ሁልጊዜ የቀድሞውን ሁሉ ይዞ አይመጣም፤ ለምሳሌ «ዲስትዩቲልስ» የሚባለው የቆየ ሞጁል በ2023 ከወጣው ከ3.12 ተወግዷል።

ፕሮግራሙን በዚያው ቀን አስተካከልሁት፤ በ«ሪሙቭፕሪፊክስ» ፈንታ ሁለት ተራ መስመሮች ተካሁ። በቨርሚን ሳስመረምረው «ኤፍ»ን ብቻ አግኝቶ 3.6 ይበቃል አለኝ። እኔ ግን ደረጃውን የማወጣው በዲክሽነሪው ቅደም ተከተል ስለ ሆነ፥ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ከ3.7 ጀምሮ ይሠራል» ብዬ ጻፍሁበት። ሮስተሩም ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ታትሞ ለርእሰ መምህሩ ቀረበ።