የዘመን ርዝመት እንደ መለኪያ መሣሪያ፦ የዕፅዋት ማዕከላት በጎ ፈቃደኞች ለምን ይከበራሉ?

በብዙ አገሮች የዕፅዋት ማዕከላት (ቦታኒካል ጋርደኖች) ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። በዓመት አንድ ቀን በጎ ፈቃደኞች ይሰበሰባሉ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለገሉት በየስማቸው ይጠራሉ፤ የምስክር ወረቀት ወይም ደረት ላይ የሚሰካ አርማ ይሰጣቸዋል፤ ይጨበጨብላቸዋል። ሥነ ሥርዓቱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ነገሩን ከልኬት ሳይንስ አንፃር እንመለከተዋለን። የእነዚህ ሰዎች የአገልግሎት ዘመን ርዝመት ራሱ፣ ገንዘብ የማይገዛው ሳይንሳዊ መሣሪያ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በጎ ፈቃደኞቹ ይኮተኩታሉ፣ ጎብኚዎችን ያስጎበኛሉ፣ ዘር ያበጥራሉ፣ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎችን በወረቀት ላይ ይለጥፋሉ። ከዚህም ሌላ ይመዘግባሉ። ለምሳሌ የቺካጎ የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው መርሐ ግብር፣ ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች በአካባቢው የሚገኙትን ብርቅዬ ዕፅዋት እየዞሩ ይቆጥራሉ፤ የተደቀነባቸውንም አደጋ ይጽፋሉ። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ አንድ ዛፍ የመጀመሪያ አበባውን ያፈካበትን ቀን በየዓመቱ መመዝገብ የተለመደ ነው። ዕፅዋትና እንስሳት ወቅትን ተከትለው የሚያሳዩትን ለውጥ የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ፌኖሎጂ ይባላል።

እስቲ አንድ ዛፍ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሰፊ ጥናት ከ1971 እስከ 2000 በ21 የአውሮፓ አገሮች በ542 የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ የተሰበሰቡ መዝገቦችን መርምሮ ነበር። ከብርድ ወራት በኋላ የሚታዩት ለውጦች፣ ማለትም ቅጠል ማውጣት፣ ማበብና የመሳሰሉት፣ በአማካይ በየአሥር ዓመቱ 2.5 ቀን ያህል ቀድመው መምጣታቸውን አረጋገጠ። ይህ ለአንድ ዓመት ሲካፈል ሩብ ቀን ወይም 6 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያው ዛፍ ብርዱ በበረታበት ዓመት ዘግይቶ፣ ሙቀቱ በፈጠነበት ዓመት ቀድሞ ያብባል። ይህ የየዓመቱ መዋዠቅ 8 ቀን ያህል ነው እንበል። ታዲያ የ6 ሰዓቱን ለውጥ ከ8 ቀኑ መዋዠቅ ለይተን የምናወጣው እንዴት ነው?

መልሱ በጊዜ ውስጥ ይገኛል። የአንዱ ዓመት መዋዠቅ ለሚቀጥለው አይተላለፍም ብለን ብናሰላ፣ የ5 ዓመት መዝገብ የሚሰጠን የለውጥ ፍጥነት በዓመት 2.5 ቀን ያህል የስሕተት ወሰን ይኖረዋል። ይህም ከምንፈልገው ለውጥ አሥር እጥፍ ነው። በ20 ዓመት ወሰኑ ወደ 0.31 ቀን ይወርዳል፤ አሁንም ከሩብ ቀን ይበልጣል። በ40 ዓመት ግን 0.11 ቀን ገደማ ይሆናል። ለውጡ ከመዋዠቁ ተለይቶ መታየት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የምልከታው ዘመን እጥፍ በሆነ ቁጥር የስሕተት ወሰኑ ወደ ሲሦ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ግንበኛ የረጅም ግድግዳን መስመር በአጭር ሲባጎ እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ አዝማሚያም በአጭር መዝገብ አይታወቅም።

“እንግዲያው በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ተመልካቾችን ብናሰማራስ?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ አይበቃም። መዋዠቁን የሚፈጥረው በዋናነት የዓመቱ የአየር ጠባይ ነው፤ አንድ ሺህ ሰዎች ያንኑ ዛፍ ቢመለከቱም ያው ዓመት አንድ ዓመት ብቻ ነው። የአንድን ሰው አርባ ዓመት በአርባ ሰዎች አንድ ዓመት መተካት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት የተመልካቹ ዓይን ነው። “አበባው ፈካ” የሚባለው መቼ ነው? አንዱ የመጀመሪያው እንቡጥ ሲከፈት ይጽፋል፤ ሌላው አበባው ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ይጠብቃል። ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ቀን ሊደርስ ይችላል። ተመልካቹ አንድ ሰው ከሆነና ልማዱን ካልለወጠ፣ ስሕተቱ በየዓመቱ ያው ስለሚሆን አንዱን ዓመት ከሌላው ስናነጻጽር ይጣፋል። ተመልካቹ በድንገት ከተለወጠ ግን የሰው ለውጥ የአየር ንብረት ለውጥ መስሎ በመዝገቡ ላይ ይታያል። በቤተ ሙከራ አሮጌው ሚዛን ከመወገዱ በፊት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን እንደሚፈተሽ ሁሉ፣ ነባሩና አዲሱ በጎ ፈቃደኛም ለጥቂት ዓመታት አንዱን ዛፍ አብረው ሊመዘግቡ ይገባል።

ይህን በሚገባ የተረዱ ተቋማት ክብርን በዘመን ልክ ይሰፍራሉ። ሪቻርድ ሄንድሪክሰን የተባሉ በኒውዮርክ ግዛት የብሪጅሃምፕተን ገበሬ ከ1930 ጀምሮ ሙቀትንና ዝናብን በበጎ ፈቃድ እየለኩ ለአሜሪካ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ያስተላልፉ ነበር። በ2014፣ ከ84 ዓመት አገልግሎትና ከ150,000 በላይ ልኬቶች በኋላ፣ አገልግሎቱ ሸለማቸው፤ ለ80 ዓመት አገልግሎት የሚሰጠውንም ሽልማት በስማቸው ሰየመ።

በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የተመሠረተው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ይገኛል። አደይ አበባም በየዓመቱ ከክረምቱ ዝናብ ማብቂያ ጋር ትፈካለች። ዛሬ ደብተርና እርሳስ ይዞ የመጀመሪያዋን አደይ ቀን የሚጽፍ ተማሪ ከአርባ ዓመት በኋላ ሊተመን የማይችል ሀብት ያስረክባል፤ ደብተሩን የሚቀበለው ካለ። አንድ አረጋዊ በጎ ፈቃደኛ ሲያርፍ ማስታወሻው ከሣጥን ሥር ከቀረ፣ የጠፋው ወረቀት ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የማይለካ ዘመን ነው። ስለዚህ ከምስክር ወረቀቱና ከጭብጨባው ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ይሰጡ እንላለን፦ ለደብተሩ የማይጠፋበት መደርደሪያ፣ ለባለ ደብተሩም ከጎኑ ቆሞ የሚማር ወጣት።